የዓለምን አላፊነት የሚናገር ግጥም እንዴት ይተነተናል? ከቀለም ቆጠራ እስከ ጭብጥ

ስለ ዓለም አላፊነት የተጻፈ ግጥም የሚሰጣቸው ብዙ ተማሪዎች ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርሱ መልሱን ያገኙ ይመስላቸዋል። «ጭብጡ ዓለም አላፊ ናት የሚል ነው» ብለው ይዘጉታል። ይህ ግን ርዕሰ ጉዳዩ እንጂ ጭብጡ አይደለም። ከመጽሐፈ መክብብ ጀምሮ እስከ ለቅሶ ቤት ሙሾ ድረስ ዓለም አላፊ መሆኗን ያልተናገረ የለም። ጭብጥ የሚባለው ይህ አንድ ግጥም ስለዚያ አላፊነት ለይቶ የሚለው ነገር ነው፤ የሚገኘውም ከቅርጹ፣ ከቃላቱና ከአሰላለፉ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በቅርጽ ይጀምርና ዘይቤን አልፎ ጭብጥ ላይ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ጭብጡን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ቀሪውን ሁሉ ለዚያ ማስረጃ እንዲሆን ስለሚጎትተው ግጥሙን አያነበውም።

ለመሥሪያ የሚሆነን ለዚህ መመሪያ ተብሎ የተጻፈ ባለ ስምንት ስንኝ ግጥም ነው፦

1. ንጉሥ ቅጥር ሠራ — ለዘላለም ብሎ፣
2. ድንጋይ በድንጋይ ላይ — በኖራ ቆልሎ፤
3. አደይ በስንጥቁ — መስከረም ጠብቃ፣
4. ላጭር ጊዜ ብቻ — ታየች አሸብርቃ፤
5. ንጉሥ አለፈና — ቅጥሩ ብቻ ቀረ፣
6. ክረምት ሲመላለስ — ጎኑ ተሰበረ፤
7. አደይ ደርቃ ሞታ — ደግማ ትመጣለች፣
8. መስከረም ሲጠባ — ቅጥሩን ታለብሳለች።

አንደኛ፦ በእጅ መገልበጥና ጮክ ብሎ ማንበብ

ግጥሙን በወረቀት ላይ በእጃችሁ ገልብጡት። በስንኞቹ መካከል አንድ አንድ መስመር ክፍት ተዉ፤ ከገጹ በስተቀኝም ለማስታወሻ የሚሆን ሰፊ ቦታ ይኑር። ስንኞቹን ቁጥር ስጧቸው፤ በኋላ «በስንኝ 4 ላይ» ብሎ ማመልከት «አንድ ቦታ ላይ ገጣሚው እንዲህ ይላል» ከማለት ያድናል። ከዚያ ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ምንም አትጻፉ። በሁለተኛው ንባብ ድምፃችሁ በተፈጥሮው የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ አጭር ሰረዝ አድርጉበት። ከላይ ባለው ግጥም ዕረፍቱ በሰረዝ ተለይቷል፤ በሰረዙ ግራና ቀኝ ያለው እያንዳንዱ ክፍል ሐረግ ይባላል፤ በታተሙ መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ራሳችሁ ማግኘት ይኖርባችኋል።

በዓይን ብቻ ማንበብ የሚያመጣው ችግር ግልጽ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ ልዩነቱ የሚሰማው በጆሮ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ደግሞ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ ቀለም መቁጠር

የአማርኛ ግጥም ምጣኔ የሚለካው በቀለም ነው። ቀለም ሲባል በአንድ ትንፋሽ ግፊት የሚወጣው ድምፅ እንጂ ፊደሉ አይደለም። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። «ድንጋይ በድንጋይ ላይ» የሚለውን ሐረግ በፊደል ከቆጠራችሁት 11 ይሆናል። በቀለም ግን ድን፣ ጋይ፣ በ፣ ድን፣ ጋይ፣ ላይ ብሎ 6 ነው። «ንጉሥ አለፈና» በፊደል 7፣ በቀለም ደግሞ ን፣ ጉሥ፣ አ፣ ለ፣ ፈ፣ ና ብሎ 6 ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ግጥሙ ምጣኔው የተዛባ ነው ብሎ ይደመድማል፤ የተዛባው ግን ቆጠራው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛውን በጣታችሁ እየመታችሁ ሐረጉን ቀስ ብላችሁ በሉት፤ አናባቢ በተሰማ ቁጥር አንድ ምት። ሳድስ ፊደል (እንደ «ይ»፣ «ን»፣ «ብ» ያለው ስድስተኛው) ከፊቱ ያለውን ቀለም የሚዘጋ ከሆነ (በ«ጋይ» ውስጥ እንዳለው «ይ») አይቆጠርም፤ የራሱ ትንፋሽ ካለው (በ«ንጉሥ» ውስጥ እንዳለው «ን») ይቆጠራል። ጥርጣሬ የሚፈጥሩት የሚጠብቁ ሳድሶች ናቸው። በስንኝ 3 «ጠብቃ» የሚለውን «ብ»ን አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ጠብ፣ ብ፣ ቃ ብሎ 3 ቀለም ይሰጣል። አላልታችሁ «ጠብ፣ ቃ» ካላችሁት 2 ብቻ ይሆንና ሐረጉ በአንድ ይጎድላል። የ«ቆልሎ»ም ነገር ያው ነው፦ ቆል፣ ል፣ ሎ። ቆጠራው በአንድ ሲዛባባችሁ ገጣሚውን ከመክሰሳችሁ በፊት የሚጠብቅ ሳድስ አልፋችሁ እንደሆነ ተመልሳችሁ እዩ።

ሌላው መታየት ያለበት ቦታ ሁለት አናባቢ የሚገናኝበት ነው። ስንኝ 4 «ላጭር» የሚለው «ለአጭር» ማለት ነው። በሙሉ ቢጻፍ ሐረጉ 7 ቀለም ይሆን ነበር፤ አጥሮ የተጻፈው ለምጣኔው ሲባል ነው። እንዲህ ያለውን ማሳጠር «የፊደል ስህተት» ብሎ ማረም ግጥሙን ያበላሻል።

ሁሉንም ስትቆጥሩ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ እያንዳንዱ ስንኝ 6 ሲደመር 6 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ የወል ቤት የሚባለው ነው። በ4 በ4 ቀለም የሚሄደው ቡሄ በሉ ሲሆን በ5 በ5 የሚሄደው ሰንጎ መገን ነው። ስሙን ጽፎ ማለፍ ግን ትንታኔ አይደለም። «ይህ ምጣኔ እዚህ ምን ሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የወል ቤት ረጋ ያለ፣ ለትረካም ለእንጉርጉሮም የሚመች አካሄድ አለው። በዚህ ግጥም ውስጥ ምጣኔው አንድም ቦታ አይሰበርም፤ ቅጥሩ ሲፈርስ እንኳ (ስንኝ 6) ምቱ ሳይደናቀፍ 6 በ6 ይቀጥላል። የሚናገረው ድምፅ በመፍረሱ አልደነገጠም ማለት ነው። ይህን ማስታወሻ ያዙት፤ ጭብጡ ላይ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ቤት መምቻዎቹን ወደ ታች ማንበብ

የእያንዳንዱን ስንኝ የመጨረሻ ቃል በአንድ ዓምድ ጻፉ፦ ብሎ፣ ቆልሎ፣ ጠብቃ፣ አሸብርቃ፣ ቀረ፣ ተሰበረ፣ ትመጣለች፣ ታለብሳለች። ቤት የሚመታው በጥንድ በጥንድ ነው፦ ሎ፣ ቃ፣ ረ፣ ች። በአማርኛ ቤት እንዲመታ የመጨረሻው ፊደል በዘሩም በድምፁም (በግእዝ፣ በካዕብ፣ በሣልስ…) አንድ መሆን አለበት። «ቀረ» ከ«ሰበሩ» ጋር ቤት አይመታም። ከመጨረሻው በፊት ያለው ድምፅም ከገጠመ ቤቱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ በስንኝ 7 እና 8 ላይ የሚገጥመው «ች» ብቻ ሳይሆን «‑ጣለች» እና «‑ሳለች» ነው።

አብዛኛው ሰው «ሀሀ ለለ ሐሐ መመ» ብሎ አሰላለፉን ጽፎ እዚህ ይቆማል። አንድ እርምጃ ቀጥሉ፤ የእነዚህ ስምንት ቃላት ሰዋስው ምን ይመስላል? የመጀመሪያዎቹ አራቱ (ብሎ፣ ቆልሎ፣ ጠብቃ፣ አሸብርቃ) ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር የማይዘጉ፣ በሌላ ግስ ላይ የሚደገፉ ግሶች ናቸው። «ቀረ» እና «ተሰበረ» የተዘጋ ኃላፊ ጊዜ ናቸው። «ትመጣለች» እና «ታለብሳለች» ገና የማያልቅ፣ በየጊዜው የሚሆን ድርጊት ናቸው። በቤት መምቻው ዓምድ ብቻ ግጥሙ ከሐሳብ ወደ ፍጻሜ፣ ከፍጻሜም ወደ ተደጋጋሚነት ተጉዟል። በግጥሙ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የያዘው ኃላፊ ጊዜ አይደለም።

አራተኛ፦ ማን የት ቆመ?

አሁን የስንኞቹን የመጀመሪያ ቃላት እዩ። የመጀመሪያው ጥንድ በ«ንጉሥ»፣ ሁለተኛው በ«አደይ»፣ ሦስተኛው እንደገና በ«ንጉሥ»፣ አራተኛው እንደገና በ«አደይ» ይከፈታል። አንድ ጊዜ እሱ፣ አንድ ጊዜ እሷ። ለሁለቱም እኩል አራት አራት ስንኝ ተሰጥቷል። በእነዚያ እኩል ስንኞች ውስጥ ግን ግሶቹን ቁጠሩ። ንጉሡ አራት ግስ አለው፦ ሠራ፣ ብሎ፣ ቆልሎ፣ አለፈ። አደይ ስምንት አላት፦ ጠብቃ፣ ታየች፣ አሸብርቃ፣ ደርቃ፣ ሞታ፣ ደግማ፣ ትመጣለች፣ ታለብሳለች። የአንዱ ግስ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቆጠራ በትንታኔ ውስጥ ከአሥር ቅጽል የበለጠ ያሳምናል።

ሦስተኛው ነገር ቅጥሩ ነው። በስንኝ 1፣ 5 እና 8 ላይ ይመጣል። በ1 የንጉሡ ሥራ ነው፤ በ5 ብቻውን ቀሪ ነው፤ በ8 ደግሞ አደይ የምታለብሰው ነው። ባለቤቱ ተለወጠ። በስማቸው ተደጋግመው የሚመጡ ነገሮችን በክብ አስምራችሁ በመስመር አገናኟቸው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አድራጊ ነው ወይስ ተደራጊ ብላችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ።

«ብቻ» የሚለውም ሁለት ጊዜ መጥቷል፦ «ላጭር ጊዜ ብቻ» (4) እና «ቅጥሩ ብቻ ቀረ» (5)። የመጀመሪያው የአደይን ዕድሜ ያሳንሳል፣ ሁለተኛው የንጉሡን ሁሉ ነገር ወደ አንድ ግንብ ያወርደዋል። ሁለቱ ስንኞች ጎን ለጎን መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስልም።

አምስተኛ፦ ዘይቤዎቹን መለየት፣ ሥራቸውንም መናገር

ለእያንዳንዱ ዘይቤ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስሙን፣ ቃሉን ከነስንኝ ቁጥሩ፣ እና በግጥሙ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አትጻፏቸው።

ምጸት (የተባለው ከሆነው ጋር ሲቃረን)፦ «ለዘላለም ብሎ» (1)። ግጥሙ ቅጥሩ ዘላለማዊ ነው አላለም፤ ንጉሡ እንዲያ *ብሎ* ነው የሠራው። «ብሎ» የምትለው ትንሽ ቃል ዘላለምን ከእውነታነት አውጥታ የንጉሡ ሐሳብ ብቻ አደረገችው። «ለዘላለም» ከ«ላጭር ጊዜ» ጋር በ«ለ» መነሻነት ትይዩ መሆኗንም አስተውሉ፤ የመጀመሪያው ጥንድ የተመኘው ዘመንና ሁለተኛው ጥንድ ያገኘው ዘመን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

ሰውኛ፦ አደይ ትጠብቃለች፣ ታለብሳለች፤ ቅጥሩም «ጎኑ» ይሰበራል (6)። ልብ በሉ፣ ቅጥሩ የሰው አካል ያገኘው ሲሰበር ነው። ንጉሡ ግን በግጥሙ ውስጥ ፊትም እጅም ስምም የለውም።

የቃል ምርጫ፦ ግንበኛ ግንብ ይገነባል፣ ካብ ይክባል። «ቆለለ» የሚባለው ለክምር ነው። በኖራ የተያያዘ ቅጥር «ተቆለለ» መባሉ ከወዲሁ የፍርስራሽ ቁልል ያሳያል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምታገኙት «ገጣሚው ሌላ ምን ቃል መጠቀም ይችል ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ «በስንጥቁ» (3) ያለችበትን ቦታ እዩ። ንጉሡ ያለፈው በስንኝ 5፣ ቅጥሩ የተሰበረው በስንኝ 6 ነው። ስንጥቁ ግን በስንኝ 3 ላይ፣ ንጉሡ ገና በሕይወት ሳለ አለ። ቅጥሩ ከመነሻው ጀምሮ ስንጥቅ ነበረው፤ አበባዋም የገባችው በዚያ ነው። በፍጥነት ያነበበ ሰው ይህን አያየውም፤ ካላየው ደግሞ መፍረሱን በክረምት ብቻ ያሳብባል።

ትእምርት (ምልክት)፦ አደይና ክረምት። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር የምትበቅል፣ በመስከረም ፈክታ ብዙም ሳትቆይ የምትደርቅ ናት። ለዚህም ነው ለአጭር ዕድሜ ምልክት የምትሆነው። ክረምት ግን ይበልጥ ረቂቅ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ አደይ የምትፈካበት መስከረም አብዛኛው በክረምት ውስጥ ነው ማለት ነው። በስንኝ 6 ቅጥሩን የሰበረው ያው ዝናብ አደይን ያበቀለ ነው። ግጥሙ ይህን በግልጽ አይናገርም፤ «ክረምት»ን በ6፣ «መስከረም»ን በ8 አስቀምጦ ማገናኘቱን ለአንባቢው ትቶታል። የማፍረስና የማብቀል ምክንያት አንድ መሆኑ በትንታኔያችሁ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

«ታለብሳለች» ከአንድ በላይ ምስል ትሰጣለች። የታረዘን ማልበስ አለ፣ ሬሳን መሸፈን አለ፣ ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ ማልበስም አለ። ሁሉንም በማስታወሻችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በዚያው ስንኝ ውስጥ የትኛው ድጋፍ እንዳለው ፈትሹ። «መስከረም ሲጠባ» ከሚለው ጋር አብሮ የሚሄደው የዓመት በዓሉ ልብስ ነው። የመግነዙ ምስል ከስንኝ 6 ስብራት ድጋፍ ያገኛል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ንባብ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ስድስተኛ፦ ሰምና ወርቅ አለ ወይ?

አማርኛ ግጥም ሁሉ ሰምና ወርቅ አይደለም። ያለ ኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል) ቅኔ ፍለጋ መሄድ በጣም ከተለመዱት ጥፋቶች አንዱ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሁለተኛው ትርጉም በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰዋስውን ሳይጥስ እስከ መጨረሻው መቆም አለበት።

«ንጉሥ አለፈና» የሚለውን ፈትኑት። ሰሙ፦ ንጉሡ በዚያ በኩል አልፎ ሄደ፣ ቅጥሩ ባለበት ቀረ። ወርቁ፦ ንጉሡ ሞተ። ሁለቱም «ቅጥሩ ብቻ ቀረ» ከሚለው ጋር ይገጥማሉ። «አለፈ» ፈተናውን አልፏል፤ ቀለል ያለ ኅብር ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል። አሁን «መስከረም ሲጠባ»ን ፈትኑት። «ጠባ» የሕፃን ወተት መጥባትም ይሆናል። ግን መስከረም ምን ይጠባል? ከማን? ዓረፍተ ነገሩ መልስ የለውም። ስለዚህ ይህ ኅብር አይደለም፤ ተራ መመሳሰል ነው፣ ተዉት።

ሰባተኛ፦ ጠቃሽ ዘይቤን እስከ ምንጩ መከተል

ጠቃሽ ዘይቤ ሌላ ጽሑፍን ወይም ታሪክን የሚያስታውስ አነጋገር ነው። «ድንጋይ በድንጋይ ላይ» የሚለው በማቴዎስ ወንጌል 24፥2 ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ ከተነገረው ጋር አንድ ነው። የግንባታው ስንኝ የተሠራው ከፍርሻ ትንቢት በተወሰደ ሐረግ ነው። ሁለተኛው ጠቃሽ አበባዋ ናት። በመዝሙር 103፥15-16 (በግእዙ ዳዊት 102) ሰው እንደ ሣር፣ እንደ ዱር አበባ ሆኖ ነፋስ ሲነፍስበት ያልፋል፤ ስፍራውም ዳግመኛ አያውቀውም። ኢሳይያስ 40፥6-8ም በዚሁ ምስል ይናገራል።

ጠቃሽን አግኝቶ «ገጣሚው መጽሐፍ ቅዱስን ጠቅሷል» ማለት አይበቃም። ምን እንደተለወጠ አወዳድሩ። በመዝሙሩ አበባው ሄዶ አይመለስም፤ በዚህ ግጥም «ደግማ ትመጣለች»። ግጥሙ ምስሉን ተቀብሎ መደምደሚያውን ገልብጦታል። በእርግጥ የምትመለሰው ያችው አበባ ሳትሆን ከዘሯ የበቀለች ሌላ ናት፤ ግጥሙ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ «አደይ» ይላታል። ይህን ልዩነት ያነሳ ጸሐፊ በእኛ ግምት ከሌሎቹ ርቆ ሄዷል።

የታሪክ ጠቃሽ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድንጋይና ኖራ ሲነሳ አእምሮ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ወደ ቆረቆሯት፣ ግቢዋም በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው። ነገር ግን ግጥሙ «ንጉሥ» ብቻ ነው ያለው፤ «ንጉሡ» እንኳ አላለም። ስም የሌለውን ንጉሥ ስም መስጠት ግጥሙ ሆን ብሎ የተወውን መሙላት ነው። ጎንደርን እንደ ምሳሌ አንሱ፣ እንደ መልስ ግን አታንሱ።

ስምንተኛ፦ ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍና መፈተን

እስካሁን የሰበሰባችሁትን አንድ ላይ አስቀምጡ፦ የማይደናገጠው ምጣኔ፣ ወደ ተደጋጋሚ ጊዜ የሚሄደው ቤት መምቻ፣ ባለቤቱ የተለወጠው ቅጥር፣ ቀድሞ የነበረው ስንጥቅ፣ የሚያፈርሰውና የሚያበቅለው አንዱ ክረምት፣ የተገለበጠው መዝሙር። ከዚህ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እንዳይለወጥ ተብሎ የተሠራው ይፈርሳል፤ መድረቅን የሕይወቱ አካል ያደረገው ግን ይመለሳል፣ የፈረሰውንም ያለብሳል።»

ፈተናው የጥንዶቹን ቦታ መለዋወጥ ነው። ሦስተኛውን ጥንድ (5 እና 6) ወደ መጨረሻ አውርዳችሁ አንብቡት። ምጣኔውም ቤቱም አይበላሽም፣ ትረካውም ይሄዳል፤ ግጥሙ ግን «ጎኑ ተሰበረ» ብሎ ያልቃል። ከላይ የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ያን ጊዜ ይወድቃል፤ የሚቀረው «ሁሉም ይፈርሳል» የሚለው ብቻ ነው። ጭብጣችሁ ጥንዶቹ ቢቀያየሩም ሳይነካ የሚቆም ከሆነ ከግጥሙ አልወጣም፤ ከአጠቃላይ ዕውቀት ነው የመጣው።

ከልክ በላይ እንዳትሄዱም ተጠንቀቁ። «ግጥሙ ስለ ትንሣኤ ሙታን ነው» የሚል ትንታኔ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን «ደግማ» የተባለላት አደይ ብቻ ናት። ንጉሡ አልፎ አልተመለሰም። መጽናኛው ለምድሪቱና ለወቅቱ እንጂ ለንጉሡ አልተሰጠም።

ዘጠነኛ፦ ትንታኔውን መጻፍ

ለስምንት ስንኝ ግጥም ከአራት እስከ አምስት አንቀጽ ይበቃል። በመጀመሪያው አንቀጽ ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፤ በሁለተኛው ምጣኔንና ቤትን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዘይቤን አቅርቡ። በፈለጋችሁት ላይ ሳይሆን ብዙ ባገኛችሁበት ላይ ቆዩ፤ በዚህ ግጥም ክረምትና ስንጥቅ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይገባቸዋል፣ ሰምና ወርቁ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ግጥሙን በስድ ንባብ መልሶ መተረክ («በመጀመሪያ ንጉሡ ቅጥር ሠራ፣ ከዚያ አደይ በቀለች…») ገጽ ይሞላል፣ ነጥብ ግን አያስገኝም።

ደካማውንና ጠንካራውን አጻጻፍ አስተያዩ። ደካማው፦ «ገጣሚው በሚያምር ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሞ የዓለምን ከንቱነት ውብ አድርጎ ገልጿል።» ጠንካራው፦ «ቅጥሩ የሰው አካል የሚያገኘው በሚሰበርበት ስንኝ ላይ ነው («ጎኑ ተሰበረ»፣ 6)፤ ሲሠራ ድንጋይ ነበር፣ ሲወድቅ ሰው ሆነ።» ሁለተኛው «ውብ» የሚል ቃል የለውም፤ ውበቱን ግን አሳይቷል።

ስትጠቅሱ ከአንድ ሐረግ በላይ አትጥቀሱ፤ ሙሉ ጥንድ ካስፈለገ በሁለቱ ስንኞች መካከል እዝባር አድርጉ፣ የስንኝ ቁጥሩንም በቅንፍ ጻፉ። የገጣሚውን ፊደል (ንጉሥን በ«ሥ»፣ ላጭርን ባጠረ መልኩ) እንዳለ ጠብቁ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመጀመሪያውን አንቀጽ ከመጨረሻው ጋር አስተያዩት፤ በመካከል ላይ ያገኛችሁት ነገር የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀይሮት ከሆነ መጀመሪያውን እንደገና ጻፉት።